በወግ ካልጠሩት የማይሠራ ፈንክሽን

ሁለት ጊዜ መልእክተኛ ካልተላከበት ድግስ የማይመጣ ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? በእኛ በጋይንት ሞልቷል። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው አልወድም። ይህ ጠባይ ኮምፒውተር ውስጥም እንዳለ ግን በስተርጅና ዳታቤዝ ለብቻዬ ስማር አወቅሁ።

ዳታቤዝ መዝገብ ቤት ማለት ነው፤ ሥራውን የሚሠሩለት ፈንክሽን የሚባሉ ትእዛዞች አሉት። አብዛኞቹ ስማቸው ተጠርቶ፣ የሚሰጣቸው ነገር በቅንፍ ውስጥ በኮማ ተለይቶ ሲቀርብላቸው እሺ ብለው ይሠራሉ። ከቀን ላይ ዓመቱን ነጥሎ የሚያወጣው ግን በኮማው ፈንታ «ፍሮም» የሚል ቃል ካልገባለት ንቅንቅ አይልም። ምን ቤት ነው እሱ?

ልጄ ንፋስ መውጫ በገበሬዎች ማኅበር ትሠራለች። የዘንድሮ ተመዝጋቢዎችን ዝርዝር በዚሁ ፈንክሽን ለይታ ልታወጣ ስትል አጠገቧ ነበርሁ። ገበሬዎቹ የገብስ ዘር ሊወስዱ በር ላይ ቆመዋል፤ ሰማዩ ጠቁሯል።

«ኮማ አድርጊበት!» አልኋት። «በሕግ ፊት አድልዎ የለም።»

«አባዬ፣ እንቢ ይላል።»

«አድርጊ ብያለሁ!»

አደረገች። እንቢ አለ።

«እታለም፣ ዝናቡ ከመንገድ ሊይዘን ነው፤ ዘሩ ይበሰብስብናል!» አለ አንዱ ገበሬ ከበር። ልጄ «ፍሮም»ን መለሰችው፤ ዝርዝሩ ወጣ።

«ውስጥ ሲገባ እኮ ዳታቤዙ ቃሉን አውልቆ እንደ ሌሎቹ ነው የሚያሠራው» አለችኝ። «ልዩነቱ ደጅ ላይ ብቻ ነው።»

አድልዎ ያልሁት ለካ የአቀባበል ወግ ነበር። ልጄ ስቆጣ እንጂ ጥፋቴን ሳምን ሰምታኝ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ከልቤ ደስ እያለኝ «ተሳስቻለሁ» አልኋት። ቀና ብላም አላየችኝ፤ የመጀመሪያውን ገበሬ ስም እየጠራች ነበር።