ኮሮና፣ ባንዲራ እና የእኔ ፌስታል

ዛሬ ጠዋት ከ18 ማዞሪያ ጀርባ መንገድ የተዘጋባችሁ ካላችሁ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ይቅርታ!

ያውም በቢጃማ፣ ፀጉሬን ሂና ተቀብቼ፣ ራሴን በፌስታል ጠቅልዬ!

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ልጄ ሳሮን ሁለተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤታቸው ባንዲራ የሚሰቀለው በተራ ነው። የእሷ ተራ በማግስቱ ሊሆን፣ ኮሮና እንዳይዛመት ተብሎ ትምህርት ቤት ተዘጋ።

አኮረፈች። መምህሯ በቴሌግራም የሚልኩትን ወርክሺት ዞር ብላ አላየችም። "ሳንሰለፍ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?" ትለኛለች። አንጀቴን በላችው።

ስለዚህ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ሰልፍ አዘጋጀሁላት! የልብስ ማስጫ ገመድ ረጅም እንጨት ላይ አሰርኩ፣ ትንሽዬ ባንዲራ ገዛሁ፣ ብሔራዊ መዝሙር ስልኬ ላይ ጫንኩ። ድምፁ እንዳያንስባት ብዬ ደግሞ የጎረቤት ስፒከር ተዋስኩ።

ስፒከሩ የሠርግ ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ።

መዝሙሩ ተጀመረ። ሳሮን ዩኒፎርሟን ለብሳ ገመዱን ቀስ እያለች ትስባለች። እንባዬ መጣ!

ከዚያ በተከፈተው በር ወደ ውጭ አየሁ።

ሰፈሩ ቆሟል።

መዝሙር ሰምቶ የማይቆም አለ እንዴ? ዳቦ ሊገዛ የወጣው ቆሟል። ሽንኩርት የጫነው ጋሪ ቆሟል። ከኋላ የመጣው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቆሟል። በዚያች ጠባብ ቅያስ፣ ትከሻ ለትከሻ! ርቀታችሁን ጠብቁ በተባለበት ሰሞን!

ደንብ አስከባሪ እየሮጠ መጣ። "ምንድን ነው ይሄ ስብ..." አለና መዝሙሩን ሰማ።

እሱም ቀጥ!

ሲያልቅ አፉን ሊከፍት ነው፣ መዝሙሩ እንደገና ጀመረ። ለካ ስልኬ ሪፒት ላይ ነው! ስልኩ ያለው ቤት ውስጥ፤ መዝሙር እየተዘመረ ማን ይንቀሳቀስ? እሱ ዓይኑን ያፈጥብኛል፣ እኔ ከነፌስታሌ ተገትሬያለሁ።

ሦስተኛው ዙር እንዳለቀ ሳሮን ሮጣ አጠፋችው።

"ይሄን ሁሉ ሰው ማን ሰበሰበው?" አለ ደንብ አስከባሪው።

"እኔ! ዛሬ ተራዬ ነው!" አለች ልጄ፣ ደረቷን ነፍታ።

ሰውየው ማስኩ ውስጥ መሳቁን ዓይኑ አሳበቀበት። "እህቴ፣ ነገ ድምፁን ቀንሺ፣ በሩንም ዝጊ" ብሎኝ ሰዉን በተነ። ሳሮን ደግሞ ሳልለምናት ገብታ ወርክሺቷን አወጣች። ደስ ሲል!

ትምህርት ቤት የተዘጋው ሰው እንዳይሰበሰብ ነበር። እኔ ለአንዲት ተማሪ ብዬ ሰፈሩን ሰበሰብኩት።

ማምሻውን አከራያችን እትዬ አስካለ በራችንን አንኳኩ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ "ይቅርታ ያድርጉልኝ..." ማለት ስጀምር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ተይው እሱን ልጄ። እኔ እንኳን ልሰለፍ፣ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። የነገው ተራ የኔ ይሁን?"

እሺ ብያለሁ። ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት።

ሳሮን ግን "ሰልፍ ከመግባታቸው በፊት ጥፍራቸው ይታያል" ብላ ድርቅ ብላለች።

አሁን ይሄን ለአከራዬ ማን ይንገርልኝ?