እንግዳ ያልቀመሰው ውሃ

«ያልተመረቀ ነገር አይነካም» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እንዲህ ያለው ሰው ቢችል ፀሐይንም ሪባን ሳይቆረጥላት አያስወጣትም። የእኛው የጉና ሰፈር የውሃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር አያ ደምሌ እንዲህ ናቸው።

የሩቅ አገር ካቶሊኮች በቅዳሴያቸው ምጽዋት ሰብስበው ቧንቧ አስገቡልን። እኛ ኦርቶዶክሶች ነን፤ ውሃው ግን ሃይማኖታችንን አልጠየቀም። አያ ደምሌ ግን እስኪመረቅ ድረስ ቆለፉት።

ሙሉ የምትባለው እህቴ የወንዝ ውሃ ጠጥታ ታማ ተኝታ ነበር።

«አያ፣ ለእሷ አንድ ጆግ ብቻ» ብዬ ለመንኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ ድግስ ቢሆን ከእንግዳ በፊት ትቀምሳለህ? ነውር አታውቅም?»

ወንዝ ወረድኩ። ምርቃቱ ሳይደርስ ሙሉን ቀበርናት።

በምርቃቱ ቀን የመጡት የካቶሊክ መነኩሲት ቁልፉን አይተው ደነገጡ።

«የሰበሰብነው እኮ የተጠማ ሰው አለ ብለን ነው። ለምን ተቆለፈ?»

«ለክብርዎ ነዋ!» አሉ አያ ደምሌ፣ እጅ ነስተው።

ቧንቧው ተከፈተ። መነኩሲቷ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ራሳቸው ሳይቀምሱ ለእኔ አቀበሉኝ። አያ ደምሌ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

«ፈገግ በል እንጂ! ለሰጪዎቹ የሚላክ ፎቶ ነው።»

ጠጣሁት። ክፋቱ፣ ውሃው ጥሩ ነበር።