የማዳም መዳፍ

ሥራ መቀየር ያማረው ሰው የማያማክረው የለም። አንዱ ዘመዱን ይጠይቃል፣ አንዱ ጎረቤቱን፣ ሌላው ደግሞ መዳፉን ዘርግቶ ከአንዲት ዓይነ ፈጣን ሴትዮ ፊት ይቀመጣል። መዳፍ አንባቢዎች፣ መቼም ሰምታችኋል፣ በአውራ ጣት ዙሪያ የሚዞረው መስመር ዕድሜ ነው፣ መሃል ለመሃል ሽቅብ የሚወጣው ደግሞ የእንጀራ መስመር ነው፣ እሱ ከተቆረጠ ሥራ ትቀይራላችሁ ይላሉ። ስለዚህ ሙያ ክፉ ለመናገር አፌ አይደፍርም። ለምን ብትሉ፣ ራሴም ሠርቼበታለሁ። በዕድሜዬ ያነበብኩት አንድ መዳፍ ብቻ ነው፤ እሱም ይበቃኛል።

ከዚያ በፊት ደሴ ላይ ሹሩባ ሠሪ ነበርኩ። ጉራ አይሁንብኝና ሙሽሮች ከሐይቅና ከኩታበር ድረስ እኔን ብለው ይመጡ ነበር። ደላላው "ሳዑዲ እንዳንቺ ያለ እጅ ተፈልጎ አይገኝም" ሲለኝ ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ጂዳ ገብቼ ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሲወጣ ግን ሙያዬ የቤት ሠራተኛ ተብሎ ተጽፎበት አገኘሁት። አያችሁ፣ ሥራ ለመቀየር ከመዳፍ ይልቅ ወረቀት ይፈጥናል። ከባለሙያነት ወደ ገረድነት የተሻገርኩት ቀይ ባሕር ላይ፣ አውሮፕላን ውስጥ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ሳይሆን አይቀርም።

አሠሪዬ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። እኛ እዚያ አሠሪን ማዳም ነው የምንለው። ክፉ ነበረች ብል እዋሻለሁ፤ አልመታችኝም፣ አላስራበችኝም። ብቻ እኔ ያለሁበት ክፍል ውስጥ ሰው እንዳለ አይታያትም ነበር። ልብስ ስተኩስ አጠገቤ ተቀምጣ ለእህቷ በስልክ የማታወራው ጉድ የለም፦ ማስተማር አንገፍግፏታል፣ የሴቶች የውበት ሳሎን መክፈት ትፈልጋለች፣ ባሏ ይስቅባታል፣ እሷም ትፈራለች። ዓረብኛው አይገባትም ብላኝ ይሆናል። መጀመሪያ ላይስ እውነቷን ነበር። ዓመት ሲሞላኝ ግን እንኳን ቃሏ ትንፋሿም ይገባኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአስር ሰላት፣ ከከሰዓቱ ስግደት ማለቴ ነው፣ በኋላ ሒና ልቀባት እጇን ስይዝ "ሹፊ" አለችኝ፤ እይ ማለቷ ነው። "እናንተ ሐበሾች መዳፍ ታነባላችሁ ይባላል። ወላሂ ለማንም አልናገርም። ምን ይታይሻል?"

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ጥንቆላ ሐራም መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግኩት፤ በዚያ አገር ደግሞ ያሳስራል። ግን እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ "ምን ይታይሻል?" ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ለስላሳ፣ ሎሽን የጠገበ መዳፍ ነው፤ ሌላ ምንም አይታየኝም። ስለዚህ በጆሮዬ የሰማሁትን በዓይኔ ያየሁ አስመስዬ አነበብኩላት። "የያዝሽው ሥራ አድክሞሻል። ሌላ አስበሻል፤ የሴት ሥራ ነው፣ መስታወት ይበዛበታል። ቤት ውስጥ የሚስቅብሽ ሰው አለ።" ማዳም በሌላው እጇ አፏን ያዘች።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ የማወጋችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር። እኔ ግን የራሴን ጉዳይ ጨመርኩበት። ከትንሿ ጣቷ ሥር ያለችውን ቀጭን መስመር ነካሁና "ይቺ ሌላ ሴት ናት" አልኳት። "ከዚሁ ቤት አብራሽ ትወጣለች። እጇ በረካ አለው። ያለሷ ሥራው አይቆምም።"

"ማን ናት?"

"አላህ ያውቃል" ብዬ ዓይኔን ወደ ሒናው መለስኩ።

ትክ ብላ አየችኝና ሳቀች። "አገርሽ ፀጉር ትሠሪ ነበር አላልሽም? ኢንሻአላህ ሹሩባውን አንቺ ትይዣለሽ። ኢቃማሽንም እናስቀይራለን።"

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት በደስታ ነው የኖርኩት፤ አልደብቃችሁም። ጣቴ ሙያውን እንዳይረሳ በወለል መወልወያው ክር ላይ እለማመድ ጀመር። አንድ ቀን ማዳም መወልወያውን ስድስት ሹሩባ ተሠርቶ አገኘችው። ቆማ አየችው፣ ዞራ አየችው፣ ከዚያ "ውሃ ይይዛል?" አለችኝ።

በረመዷን ለዑምራ መካ ይዘውኝ ሄዱ። ዓዚዚያ በሚባል ሰፈር፣ የማዳም እናት ቤት አረፍን። ጠዋፌን፣ ካዕባን መዞሩን፣ ያደረግኩት እናትየዋን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ነው። ካዕባ ፊት ስደርስ እንባዬ መጣ። ለውሸቴ ተውበት አደረግኩ። ወዲያው ደግሞ "ያ ረቢ፣ ውሸቴን ማረኝ፤ ግን እባክህ እውነት አድርግልኝ" አልኩ። ሁለቱ ዱዓዎች እንደሚጣሉ አላጣሁትም። ሁለቱም ግን ከልቤ ነበሩ።

ከዒድ በኋላ ሳሎኑ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ማዳም ጠራችኝ። "ተዓሊ፣ ነይ እጅሽን አሳዪኝ።"

ዘረጋሁላት። ሁለት ዓመት ሊሞላው በረኪና ሲበላው የከረመ እጅ ነው። ቆዳው ተሰነጣጥቆ የትኛው መስመር የፈጣሪ፣ የትኛው የበረኪና እንደሆነ አይለይም። በአውራ ጣቷ ዳሰስ አደረገችኝና ለቀቀችኝ።

"ሻካራ ነው፤ የደንበኛ ፀጉር ይጎትታል" አለች። "ለሹሩባው ሌላ ሰው ይዣለሁ። አንቺ ግን አትዘኚ፣ አብረሽኝ ትመጫለሽ። ሳሎኑም ወለል አለው። ያላ።"

አመመኝ። ጠዋት ቤቱን፣ ከሰዓት ሳሎኑን መወልወል ጀመርኩ። ሰው ልፋቱ መና ሲቀር እጄ አመድ አፋሽ ይላል፤ የኔው ፀጉር አፋሽ ሆነ። ሹሩባ የያዘችው ልጅ ስትሠራ መጥረጊያዬን ተደግፌ አያታለሁ፤ መስመሯ ይጣመም ነበር።

ኮንትራቴ ሲያልቅ ኹሩጅ ጠየቅኳት፤ ያለሷ ፈቃድ የማይገኘው የመውጫ ወረቀት ነው። "እጄ ጭራሽ ሳይጠፋ አገሬ ልግባና ሥራዬን ልያዝ" አልኳት።

ማዳም አልተቆጣችም። ቀኝ እጇን ዘረጋችና ከትንሿ ጣቷ ሥር ያለችውን ቀጭን መስመር አሳየችኝ። "ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ያ ሰዓዳ። ያለሷ ሥራው አይቆምም አላልሽም? ታዲያ እንዴት ልልቀቅሽ?"

ዋሽቼሽ ነው ልላት ነበር። ግን ዋሽቼሽ ነው ማለት፣ ጠንቋይም ነኝ ውሸታምም ነኝ ማለት ነው፤ ፓስፖርቴ ደግሞ በእሷ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። "ኢንሻአላህ" አልኩና ወደ ባልዲዬ ተመለስኩ።

ሁለት ዓመት ጨመርኩ። ትንቢቴ አንዲት ቃል ሳይጎድል ደረሰ፦ አንዲት ሴት ከዚያ ቤት አብራት ወጣች፤ ያለሷም ሳሎኑ አንድ ቀን ተከፍቶ አያውቅም። መካ ላይ የለመንኩት ሁሉ ተሰጠኝ። የሥራውን ዓይነት መጥቀስ ነው የረሳሁት።

በመጨረሻ ኹሩጁ ተፈቀደልኝና ደሴ ገባሁ፤ እዚያችው የድሮ ቦታዬ ላይ ወንበሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ለኒካሕ የምትዘጋጅ ልጅ ነበረች። ሁለተኛው ሹሩባ ላይ ስደርስ ራሷን ሸሸት አደረገች።

"እትዬ ሰዓዳ፣ ይቅር በይኝና… እጅሽ ፀጉሬን ይጎትተኛል።"

ለካ መዳፍ ማንበብ የምትችለው ማዳም ኖራለች።