ጠርሙስ የሚለይ ጆሮ

[የመኪና መለዋወጫ ሱቅ። ባንኮኒው ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር ጠርሙስ ተደርድሯል። ውጭ አንዲት የእሽቅድምድም መኪና ቆማለች። ሰፈሩ «ሊቁ» የሚለው ባለመኪና፣ መኪናዋን ከሚያጥብለትና ነዳጅ ከሚያስቀዳለት የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ከአማቹ ጋር ይጨቃጨቃል። ባለሱቋ ጉንጯን ይዛ ትሰማለች።]

ሊቁ፦ አስቀምጠው አልኩህ! ጠርሙስ እንደ ሕፃን አይታቀፍም!

አማቹ፦ እንዳይሰበር ብዬ ነው፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ዕድሜህን ሙሉ አስበህ የማታውቅ ሰው፣ ዛሬ ምን ነካህ? ለመሆኑ የያዝከው ምን ይመስልሃል?

አማቹ፦ የመስታወት ማጽጃ?

ሊቁ፦ ድንቄም ማጽጃ! [ለባለሱቋ] ይቅርታ እመቤቴ፣ በሚስት የመጣ ነው፤ እኔ መርጬ አላመጣሁትም። ኦክቴን መጨመሪያ ነው፣ አንተ! ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ እየፈነዳ ሞተሩን እንዳያንኳኳ የሚያደርግ!

አማቹ፦ ታዲያ አንዱን ይግዙና እንሂዳ።

ሊቁ፦ «አንዱን»! ልክ እንደዚያ ጥርስ ሐኪም። እሱም በእሽቅድምድም ክለባችን ሰው ሁሉ ፊት «ሁሉም አንድ ነው» ይለኛል። መንጋጋ ሲነቅል የኖረ ሰው ስለ ሞተር ሊያስተምረኝ! እኔስ ምን አልኩት?

አማቹ፦ «ሞተሩን ሰምቼ የትኛው ጠርሙስ እንደተጨመረ እለያለሁ» አሏቸው።

ሊቁ፦ እሱስ?

አማቹ፦ «እሁድ በድብቅ አንዱን እጨምርልሃለሁ፤ አንድ ዙር ነድተህ ካላወቅከው መኪናዋን ከነቁልፏ ታስረክበኛለህ» አሉ። እርስዎም እጃቸውን ጨብጠው ተስማሙ። እህቴ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም፣ ጋሼ። የአሥር ዓመት ድካማችን ናት ትላለች።

ሊቁ፦ እህትህ ደግሞ ምን ታውቃለች? በዘር ነው መሰል! ስማ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሦስቱንም ፈትኛለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ቀዩን ጨመርክልኝ። ሞተሩ ቅቤ! ኩርባ ላይ ብቻ ቀስ ብሎ ዱብ ይላል። በሁለተኛው ሰማያዊው። በዞርኩ ቁጥር ኳ! ኳ! መርዝ ነው ሰማያዊው! በሦስተኛው ጥቁሩ። እሱም ኳ ኳ ኳ ይላል፤ ጉልበቱ ግን፣ ጉልበቱ! ወንበሩ ላይ ነው የለጠፈኝ።

አማቹ፦ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ አያንኳኳም?

ሊቁ፦ ኩርባ ላይ ብቻ አልኩህ እኮ!

አማቹ፦ ሞተሩ ታዲያ ኩርባ መሆኑን በምን ያውቃል?

ሊቁ፦ [ሆዱን ይዞ ይስቃል] ሰሙልኝ እመቤቴ? «በምን ያውቃል» ይለኛል! ለአህያ ማር አይጥማትም። መኪናዋ ስትዞር ኦክቴኑ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባላ!

አማቹ፦ አሃ። ይሰበሰባል።

ሊቁ፦ በቃ፣ ምርጫው ጥቁሩ ነው። እሁድ ካሸነፍኩ በኋላ ክለቡ በሙሉ ጥቁሩን ይገዛል። በል ውሰድና አሁኑኑ ጨምረው።

አማቹ፦ አሁንማ አይቻልም። ነዳጁ ሩብ ላይ ነው።

ሊቁ፦ ቢሆንስ?

አማቹ፦ [ጠርሙሱን አዙሮ በጣቱ እየተከተለ ያነባል] «አንድ ጠርሙስ ለአንድ ሙሉ ታንከር።» እርስዎ ደግሞ ነዳጅ ይከብዳል፣ ፍጥነት ይገድላል ብለው ከአሥር ሊትር በላይ አስቀድተውኝ አያውቁም።

ሊቁ፦ ታዲያ ያንን ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ጥቁሩን እንዴት አድርገህ ጨመርካቸው?

አማቹ፦ መች ጨመርኩ? ታንከሩ ፉል እስኪሆን እየጠበቅኩ ነዋ።

[ባለሱቋ እጇን ከጉንጯ ታወርዳለች።]

ሊቁ፦ ጠርሙሶቹ... የት ናቸው?

አማቹ፦ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ። መጀመሪያ አንዱን አስቀመጥኩ፤ በሳምንቱ ሁለት ሆኑ፤ ከዚያ ሦስት። ኩርባ ላይ እየተንከባለሉ ይጋጫሉ መሰለኝ።

ሊቁ፦ ወንበሩ ላይ የለጠፈኝስ?

አማቹ፦ እሱን እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።

ሊቁ፦ አንተ ደደብ! ለምን አልነገርከኝም?

አማቹ፦ የተጨመረውን በጆሮው የሚለይ ሰው፣ ያልተጨመረውን ያጣዋል ብዬ በምን ልጠርጥር? እንደውም ያወቁብኝና በይሉኝታ ዝም ያሉኝ መስሎኝ ነበር።

ሊቁ፦ [በሹክሹክታ] ይህን ነገር ሌላ ማን ያውቃል?

አማቹ፦ ማንም። ጥርስ ሐኪሙ ብቻ።

ሊቁ፦ ማን አልክ?

አማቹ፦ መኪናዋን ሳጥብ ጠርሙሶቹን አዩና ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። መቼም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እርስዎ ወዲያ ማዶ ለክለቡ ሰዎች የሰማያዊውን መርዝነት እያስረዱ ነበር።

ሊቁ፦ ከሳቀ በኋላስ?

አማቹ፦ እንባቸውን ጠርገው ወደ እርስዎ መጡና ውርርዱን አነሱ።

[ሊቁ የተደረደሩ ጎማዎች ላይ ዘፍ ይላል።]

ሊቁ፦ ከዚያ ወዲህ ምንም አላለህም?

አማቹ፦ ምንም። ትናንት ብቻ መጥተው «እሁድ ጠዋት መኪናዬን በደንብ እጠብልኝ» አሉኝ። የትኛዋን ስላቸው፣ በጣታቸው የእርስዎን አሳዩኝ።