ባለ ማኅተሙ መርዶ

በጋምቤላ ከተማ የሚገኝ አንድ እድር ሙታንን በክብር ሲሸኝ ሠላሳ ዓመት ከቆየ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ፊቱን ወደ ሕያዋን መለሰ። ምክንያቱ ኢንተርኔት ነው። ጠቅላላ ጉባኤው፣ ሰው ከሞተ በኋላ ከመድረስ በስልኩ ሳይጠፋ መድረስ እንደሚሻል በሙሉ ድምፅ አመነ፤ በዚያው ቀንም «ከሕፃን እስከ አዛውንት የኢንተርኔት ጥንቃቄና የትክክለኛ መረጃ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ስሙን አንብቦ ለመጨረስ ትንፋሽ ስለሚጠይቅ፣ ሥራው ከባድ መሆኑን ሁሉም ወዲያው ተረዳ።

ሰብሳቢ ሆነው የተመረጡት ወይዘሮ ሺታዬ ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰዋል፤ ከዚህም በላይ ክፉውን ቀድሞ በማሰብ ረገድ በሰፈሩ አቻ አልተገኘላቸውም። ባጃጅ በራቸው ላይ ቀስ ካለ ቤቱን እያጠና ነው፤ ፈጥኖ ካለፈ አንድ ነገር አድርጎ እየሸሸ ነው። የስልካቸው ባትሪ ሲሞቅ ቤት ውስጥ እንዳይፈነዳ ጓሮ አውጥተው ከማንጎው ዛፍ ሥር ያስቀምጡታል፤ ከዚያ እንዳይሰረቅ ወንበር አውጥተው አጠገቡ ይቀመጣሉ።

ኮሚቴው በሦስት ወር ውስጥ መመሪያ አወጣ። ሕፃናት ስልክ የሚነኩት ወላጅ አጠገባቸው ሲኖር ብቻ ነው። ወጣቶች ከማያውቁት ቁጥር ሲደወል አያነሡም። ከማይታወቅ ቁጥር «እናትሽ ነኝ፣ አባትህ ነኝ» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ ሌባ ነው። ይህችን አንቀጽ ወይዘሮ ሺታዬ ራሳቸው ናቸው ያረቀቋት፤ ራቅ ባለችው ፑኝዶ ከተማ በነርስነት የምትሠራውን አንድ ልጃቸውን ፍሬሰንበትን እያሰቡ። ዕድሜያቸው ከአርባ በላይ የሆነ አባላት ግን በኑሮ ልምዳቸው የተጠበቁ ስለሆኑ መመሪያው አይመለከታቸውም። የኮሚቴው አባላት በሙሉ ከአርባ በላይ ነበሩ።

ከአንቀጾቹ ሁሉ የላቀችው የጸሐፊው የአቶ ወንዶሰን ናት። አቶ ወንዶሰን ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ የሚለቀቅ ማንኛውም መረጃ ማኅተም ከሌለው ሐሰት፣ ማኅተም ካለው እውነት ሆኖ ይቆጠራል።» አባላት እውነተኛውን ማኅተም ከሐሰተኛው እንዲለዩም ማኅተሙን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ጠበቅ አድርገው መትተው፣ ፀሐይ ላይ ፎቶ አንሥተው ግሩፑ ላይ ለቀቁት። የፎቶው ጥራት ተደነቀ።

በዚህ መሠረት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ኦጆት በምስጋና ተሰናበተ። የኦጆት አሠራር ኋላ ቀር ነበር። ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ በእግሩ ሄዶ ያያል፤ አይቶ ሲያበቃ ይነፋል። ይህም ጊዜ ያባክናል።

«ሳላይ ልንፋ?» ብሎ ጠይቆ ነበር ኦጆት።

«ማየት ቀርቷል» አሉት አቶ ወንዶሰን። «አሁን ማኅተም አለ።»

አንድ ማክሰኞ ለወይዘሮ ሺታዬ መልእክት መጣላቸው። «ለተከበሩ ሰብሳቢ፦ ኮሚቴዎ በጥንቃቄ አንደኛ ስለወጣ፣ ሽልማቱን ለመመዝገብ አሁን በስልክዎ የሚደርስዎትን ቁጥር ይላኩልን» ይላል። እንዲህ ያለ ቁጥር ለማንም እንዳይሰጡ ፍሬሰንበት መቶ ጊዜ ነግራቸዋለች። ስለዚህ ተጠራጠሩ። ተጠራጥረው ግርጌውን አዩ። የገዛ እድራቸው ማኅተም ክብ ሆኖ፣ ሐምራዊ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ቁጥሩን ላኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቴሌግራሙ አልከፈት አላቸው። ኔትወርክ ነው ብለው ተዉት። ገበያ ስልክ ይዞ መውጣት ሌባን መጋበዝ ስለሆነ፣ ስልኩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው፣ የቤቱንም በር ቆልፈው በእግራቸው ወደ ገበያ ወረዱ።

ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላትን ወዳጃቸውን ፋጢማን በጠራራ ፀሐይ የሱቋን በር እየዘጋች አገኟት።

«ፋጢማ፣ በዚህ ሰዓት ትዘጊያለሽ? ምን ሆንሽ?»

ፋጢማ ቀና ብላ አየቻቸው። የዘጋችውን በር መልሳ ከፈተችው።

«ለቅሶ ልሄድ ነበር» አለች።

«የማን?»

«ያንቺ።»

ወይዘሮ ሺታዬ ሞታቸውን ብዙ ጊዜ አስበውበታል፤ በመብረቅ፣ በአዞ፣ በባጃጅ። ሽንኩርት ሊገዙ ወጥተው ይነገረኛል ብለው ግን አልጠበቁም። ፋጢማ ስልኳን ዘረጋችላቸው። «የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ወ/ሮ ሺታዬ በድንገት ስላረፉ፣ የአስከሬን ማጓጓዣ መዋጮ ከታች በተመለከተው ቁጥር በአስቸኳይ እንድታስገቡ እናሳስባለን።» ከሥሩ ማኅተም አለ። የላኪው ስም ሺታዬ ይላል። ሟች የራሳቸውን መርዶ ራሳቸው ማርዳታቸው ከሰማንያ ሦስት አባላት አንዱንም አላስገረመም፤ ለሥራ ትጉ መሆናቸው ድሮም የታወቀ ነው።

«የሚጓጓዘው ወዴት ነው? ቤቴ እዚህ አይደለም እንዴ?»

«እኔም እሱን አስቤው ነበር» አለች ፋጢማ። «ግን ማኅተም ነበረው።»

«ገንዘቡን ላክሽ?»

«አንቺን ብዬ።»

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ሺታዬ ስለ ራሳቸው ሞት ማሰብ አቆሙ። ፍሬሰንበት የእድሩ የወጣቶች ተወካይ ናት፤ ግሩፑ ውስጥ አለች። ይህን አንብባለች። አንብባ እያለቀሰች ያገኘችው የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላለች። ሾፌሩ አልተኛም። መንገዱ ጭቃ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ መኪናው ሦስት ጊዜ ተገለበጠ።

በፋጢማ ስልክ ደወሉ። አይነሣም። ደግመው ደወሉ። ከዚያ ጻፉ፦ «ፍሬዬ፣ እናትሽ ነኝ። አልሞትኩም። ስልኩ የሰው ነው፣ አንሺው።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «እናቴ ከማላውቀው ቁጥር እናትሽ ነኝ የሚል ሁሉ ሌባ ነው ብላኛለች። ሁለተኛ እንዳትጽፍ።» ከዚያ በኋላ ቢደወል ቢደወል መስመሩ አልገባም አለ።

«ጎበዝ ልጅ አሳድገሻል» አለች ፋጢማ።

ወይዘሮ ሺታዬ ለአፍታ ኮሩ፤ ከዚያ ባጃጅ ጠሩ።

ደጃፋቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል። በራቸው ተቆልፎ መገኘቱ ለመርዶው ተጨማሪ ማረጋገጫ ሆኖ ተወስዷል። ከባጃጁ ሲወርዱ አቶ ወንዶሰን ከወንበራቸው ተነሡ።

«አቶ ወንዶሰን፣ ይኸው አለሁ። አልሞተችም ብለው ግሩፑ ላይ ይጻፉልኝ። ልጄ መንገድ ሳትወጣ።»

«ወይዘሮ ሺታዬ፣ እንደ ጎረቤት እጅግ ደስ ብሎኛል። እንደ ጸሐፊ ግን ማስተባበያ ያለ ማኅተም ማውጣት አልችልም።»

«ማኅተሙ ኪስዎ ውስጥ አይደለም?»

«ኪሴ ውስጥ ነው። ማኅተም የሚመታው ግን በሰብሳቢዋ ፊርማ ላይ ነው።»

«ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ።»

«ነበሩ» አሉ አቶ ወንዶሰን፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው።

ከድንኳኑ ውስጥ አንድ አዛውንት ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው፣ «አልሞተችም ያለው ማነው?» ሲሉ ተሰሙ።

«ራሷ ናት ያለችው።»

«ሌላ የመሰከረ የለም? እንግዲያ ወሬ ነው።»

ወይዘሮ ሺታዬ መልስ ሊሰጡ ሲሉ ኦጆት በእግሩ ደረሰ። ጡሩምባውን በብብቱ ይዟል። ፊታቸው ቆሞ ከላይ እስከ ታች አያቸው። ከዚያ እጃቸውን ያዘ።

«እጅሽ ይሞቃል» አለ። «ልጅሽ ደወለች። ኦጆት፣ ሂድ፣ በዓይንህ እይ አለች። አየሁ።» ስልኩን ደውሎ ሰጣቸው።

«ኦጆት፣ ንገረኝ» አለች ፍሬሰንበት በወዲያ በኩል።

«መኪና እንዳትሳፈሪ» አሉ ወይዘሮ ሺታዬ። «ተሳፍረሽ ከሆነ ውረጂ። ሳይቆም ግን እንዳትወርጂ። ቁርስ በላሽ? ውሃውን አፍልተሽ ነው የጠጣሽው? አጠገብሽ ማነው ያለው?»

ልጅቱ ትንፋሿን ለቀቀች።

«እማ ነሽ» አለች።

«አምነሽ ነበር እንዴ?»

«በድንገት ይላል እኮ። አንቺ ዕድሜዬን ሙሉ ስታስጠነቅቂኝ ኖረሽ በድንገት ትሞቻለሽ? ግን ስልክሽን አላነሳ ስትዪኝ ፈራሁ። ሰው ሄዶ ይይልኝ አልኩ።»

«ማኅተሙስ?»

«ማኅተሙማ አቶ ወንዶሰን ከለቀቁት ጀምሮ በእኔም ስልክ ላይ አለ። ይልቅ በስምሽ የገባውን ሌባ ከግሩፑ ያስወጡት። ቆይ፣ በስልክሽ የመጣውን ቁጥር ማን ሰጠው?»

ወይዘሮ ሺታዬ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ መሆኑን አስታወቁና ስልኩን ለባለቤቱ መለሱ። ኦጆትም ጡሩምባውን አንሥቶ ነፋ፤ በሥራ ዘመኑ ለቆመ ሰው ሲነፋ የመጀመሪያው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ኮሚቴው ስለ ጉዳዩ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ወይዘሮ ሺታዬ ስልካቸውን ለጥንቃቄ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው መጡ። ስለ ላኩት ቁጥር ልናገር ብለው ነበር፤ ሰዉ ምን ይላል ሲሉ ግን የሚመጣባቸውን መዓት ከፊት ለፊት አዩትና ዝም አሉ። ውይይቱ የሠለጠነ ነበር። ኦጆት በቃል ተመሰገነ። የወጣቶች ተወካይዋ ፍሬሰንበት ማኅተም ያለውን መረጃ በመጠራጠሯ ማስጠንቀቂያ ይገባት ነበር፤ በዕድሜዋ ማነስ ታለፈች። በሰብሳቢዋ ስም የገባው ሌባ ይውጣልን ማለቷም ተነበበ፤ ሆኖም የተከበሩ ሰብሳቢን ስም ከግሩፕ መፋቅ ነውር ስለሆነ ተቀባይነት አላገኘም። የችግሩ ምንጭ የማኅተሙ ማነስ መሆኑ ተደረሰበት። አቶ ወንዶሰን ይህን ቀድመው በመገንዘብ ያሠሩትን፣ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል አዲስ ማኅተም ከቦርሳቸው አወጡ። ቀለሙ ቀይ ነው።

አባላት አዲሱን ከአሮጌው እንዲለዩም በነጭ ወረቀት ላይ መቱት፤ ፀሐይ ላይ ወጥተው ፎቶ አነሡት፤ ለቀቁት።

ደቂቃ ሳይሞላ ስልካቸው ጮኸ። አንድ የአውራ ጣት ምልክት መጣ፤ ተከትሎም «እጅግ ጥራት ያለው ነው፣ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው» የሚል ቃል። አቶ ወንዶሰን የላኪውን ስም አነበቡ፤ ሺታዬ ይላል። ከዚያ ባዶ እጃቸውን አጣጥፈው ፊት ለፊታቸው ወደ ተቀመጡት ወደ ወይዘሮ ሺታዬ ቀና ብለው፣ «ኧረ ምስጋናው ለእርስዎ ይገባል» አሉ።