የአረሞቹ ጠበቃ

አረም ሲነቀል አይቶ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ለእኛ የደረሱን የባለቤቴ አጎት ናቸው። ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ የሰውን ክስ ትተው የአረም ጥብቅና ያዙ። በልቤ «ክቡር ጠበቃ» እላቸዋለሁ፤ በአፌ ጋሼ።

አንዲት ሰርዶ ስነቅል ካዩኝ አለቀልኝ። «ምን አጠፋ?» ይላሉ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። ጎርጤብ ከሆነ የሰው ኮቴ ተከትሎ ስንት አገር እንደዞረ፣ ቅጠሉ ለቁስል እንደሚሆን ይተርኩልኛል። ሳማ ሲሆንማ ይብስባቸዋል። «ድሮ ልብስ ይሠራበት ነበር» ብለው በባዶ እጃቸው ይጨብጡትና፣ እጃቸው እያበጠ «ሲለምድህ ይተውሃል» ይላሉ። የዚያን ቀን ራት ማንኪያ የሚይዙት በግራ እጃቸው ነው።

ባለፈው ወር አከራያችን መጡና «ግቢው እስከ ቅዳሜ ካልጸዳ ሲሚንቶ አፈስበታለሁ» አሉ። ያለችን መሬት የባለቤቴን የጎመን መደብና ሦስት እግር ጽጌረዳ የያዘችው ያቺው ናት። ዓርብ ጠዋት የቀን ሠራተኛ ቀጠርኩና «አረሙን ብቻ ንቀልልኝ» ብዬው ወደ ሥራ ሄድኩ።

ለካ ጋሼ ቀድመውኛል። በየአረሙ ሥር ስሙን፣ የመጣበትንና ጥቅሙን በዚያ በሚያምር የመዝገብ ቤት ጽሕፈታቸው ጽፈው ካርቶን ተክለዋል። ሠራተኛው ምን ያድርግ? ካርቶን ያለው የተተከለ፣ የሌለው አረም መስሎት፣ ጎመኑንና ጽጌረዳውን ከነሥሩ መንግሎ ሳማውን ኮትኩቶ ውሃ አጠጥቶልኛል።

ቅዳሜ አከራያችን መጥተው ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነበቡ።

«ይህን ሁሉ ተክላችሁት ነው?»

ጋሼ ውሸት አያውቁም። «ማንም አልተከለውም፤ በራሱ ነው የመጣው» አሉ። አከራያችን ሲሚንቶ ወደሚያፈሰው ሰው ለመደወል ስልካቸውን ሲያወጡ፣ ጋሼ ጎንበስ ብለው የጎርጤቡን ካርቶን ቀስ አድርገው ነቀሉና ደረታቸው ላይ ያዙት። አላስቻለኝም። እኚህን ሰውዬ ለካ እወዳቸዋለሁ።

«የተከልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጎመኑንም ያስነቀልኩት ቦታ እንዳይጠባቸው ብዬ ነው።»

ባለቤቴ በሩን በኃይል ዘግታ ቤት ገባች። አከራያችን ለአረም ሲል ጎመን የሚነቅል ሰው ገጥሟቸው ስለማያውቅ ይመስለኛል፣ ስልኩን ኪሳቸው ከተው እኔን በሩቁ እየዞሩ ወጡ።

ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። «በሐሰት መመስከር እኮ ያስቀጣል» አሉኝ በሹክሹክታ።

አስቀጥቶኛል። ባለቤቴ ይኸው እስከ ዛሬ እንዳኮረፈችኝ ናት፤ ይግባኝ ግን አልጠየቅሁም።