«ቆይ፣ አንዴ ልየው» ባዩ ሚልክያስ

በየሰፈሩ ቤቱን ቆልፎ ሲያበቃ፣ መቆለፉን ሊያይ ከመንገድ የሚመለስ ሰው አይጠፋም። ለኛ ለጂንካዎች የደረሰን ክቡር ሚልክያስ ነው፣ የአውሮፕላን መካኒኩ። አፉ ላይ ያለችው ነገር አንዲት ናት፦ «ቆይ፣ አንዴ ልየው!»

ለቅሶ ሲመጣ እንኳ የሳጥኑን ሚስማር ነካክቶ ነው የሚያለቅሰው። ሽማግሌ ልኮ እሺ ሲባል፣ «እርግጠኛ ናችሁ? እስቲ ድገሙና ጠይቁልኝ» ብሎ ሽማግሌዎቹን መልሶ ላካቸው። አባትየው ተናደደ፤ ልጅቷም ለቱርሚ ነጋዴ ተዳረች። እኔ ሰው ማማት አልወድም፤ የሆነውን ነው የምናገር።

ታዲያ የልጅ ልጄ ኤፍራታ ምጥ ጠናባት። ሐኪሞቹ «ቶሎ ሶዶ ትድረስ» አሉ። በቃሬዛ ተሸክመን አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ስንደርስ፣ ትንሿ አውሮፕላን አፍንጫዋ ተከፍቶ ቆማለች። ሚልክያስ የዘይት ፊልትሮዋን ፈትቶላችኋል! ጣሳ የምታህል ነገር ናት፤ የሞተሩን ዘይት የምታጣራ።

«በሞቴ ልጄ፣ አዲሷን ቶሎ ግጠማት!»

«እሺ እማማ። ቆይ፣ አንዴ ልየው።»

አሮጌዋን ሰንጥቆ፣ ውስጧ ያለውን ወረቀት ሳሩ ላይ ዘርግቶ፣ ሞተሩ እየተበላ እንደሆነ የሚያሳብቅ የብረት ብናኝ አለ የለም እያለ በጣቱ ይዳብሰው ጀመር። ኤፍራታ ታቃስታለች። ፓይለቱ ሀብተ ማርያም ሰዓቱን ያያል። ሰዉ ከሜዳው ላም ያባርራል፤ ላሞቹ በሌላ በኩል ተመልሰው ይገባሉ።

«ቅማል አገኘህ?» አልኩት።

«የለም እማማ።»

«እንግዲያስ ግጠም!»

ገጠመ፤ በሽቦም አሰራት። ሞተሩ ተነሳ። እልል ልል አፌን ስከፍት አጠፋው! እጁን ከሥር ሰዶ ዘይት ያፈስ እንደሆነ ዳበሰ። ደረቅ ነው። ደግሞ በባትሪ አየ። አሁንም ደረቅ ነው።

«አንተ የተረገምክ! ልጄን ልትገድላት ነው?»

«እኔም እሱን ነው የምፈራው፣ እማማ» አለና ክዳኑን ዘጋ።

አውሮፕላኗ ኤፍራታን ይዛ ተነሳች፤ ሰዉም ተበተነ። እኔና እሱ የሜዳው መገናኛ ሬዲዮን አጠገብ ቀረን። እኔ እጸልያለሁ፣ እሱ ጥፍሩን ይበላል። በስንት ጊዜው ሬዲዮኑ ተንጫጫ፦ «በደህና አርፈዋል። ሐኪሞቹ ተቀብለዋታል።»

ሚልክያስ ሳሩ ላይ ዘፍ አለ። ዘይት በጠጣ እጁ ፊቱን ሸፍኖ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አጠገቡ ተቀምጬ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩለት። ፊቱ ጭራሽ ጠቆረ፤ ነጠላዬም ሄደ።

የጂንካ ሰው ይሄን ቢሰማ ዓመት ሙሉ ይስቅበት ነበር። እኔ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ይኸው ለእናንተ ብቻ ነው።